ለጭስ ዋስ የሆንኩበት ዓመት

የእኛ ካባ ጄኔሬተር ሲነሳ ሞጣ ላይ ያሉ ዶሮዎች ከቆጥ ይወርዱ ነበር። ማጋነን አይደለም። ግማሽ ዕድሜዬን ከቢቸና ሞጣ በጭነት መኪና ስመላለስ የጨረስኩ ሰው ነኝና ርቀቱንም ዶሮዎቹንም አውቃቸዋለሁ። ዶሮዋን ራሷን ጠየቅኋት ብል ያኔ ማጋነን ይሆናል፤ የጠየቅሁት ባለቤቷን ነው።

ካባ የምለው ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ማውጫ ነው። ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ከጥንካሬው የተነሳ መዶሻ ሲያርፍበት "ወይኔ!" የሚለው መዶሻው ነው። ከገደሉ ይፈነቀላል፣ ክሬሸር የምንለው መፍጫ ይጎርሰዋል፣ በሌላው በኩል ጠጠር ሆኖ ይወጣል። እኔ ደግሞ ጠጠሩን ጭኜ ቤት ወደሚሠራበት፣ ድልድይ ወደሚጣልበት አደርሳለሁ።

የካባው ሽርክና ሊቀመንበር ታናሽ እህቴ ናት። ሥራውን የጀመረችው በመዶሻ ነው። መንገድ ዳር ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣ፣ ዓይኗን በተሰነጠቀ መነጽር ሸፍና ድንጋይ ስትከሰክስ ኖራ የጎረምሳ ክንድ አውጥታለች። ቆይታ እንደ እሷ የሚከሰክሱትን ሰብስባ ሽርክና አቋቋመች፤ ስንት ደጅ ከጠኑ በኋላ ክሬሸሩን አስገቡ። ክሬሸሩ የገባ ዕለት መዶሻዋን ወስዳ ከቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

"ይህን ዳግመኛ ካወረድኩት ሞቻለሁ ማለት ነው" ትለኛለች፣ በመጣሁ ቁጥር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ የዚያ መዶሻ ነገር ነው። ይወርዳል ወይስ አይወርድም?

ችግራችን ክሬሸሩ ናፍጣ መጠጣቱ ነበር። የመብራት መስመር እኛ ጋ አልደረሰም፤ የደረሰበት ሰፈርም ቢሆን ከመብራቱ ይልቅ ምሰሶውን ነው የሚያየው። ስለዚህ ኃይሉን የምትሰጠን "አሮጊቷ" የምንላት ጄኔሬተር ነበረች። አሮጊቷ ስትነሳ መጀመሪያ ትስላለች፣ ቀጥላ ትረግማለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭሷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይዞርና ጭሱን እየነዳ ካባው ሥር ባለው መንደር ላይ ያፈስሰዋል። ጠዋት ታጥቦ ነጭ ሆኖ የተሰጣ ነጠላ ማታ የክረምት ደመና መስሎ ይነሳል። የመንደሩ ንቦች ሲስሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማሩን ቀምሼማ ለመኪናዬ ልቅዳላት ወይ ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ።

መንደሩ ታገሠ፣ ታገሠ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ላከብን። ሽማግሌዎቹ ብዙ ቢሆኑም የሚናገሩት አንድ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ጺማቸውን እንደ ደወል ገመድ ወደ ታች የሚስቡ አባት። እኛ ቤት መቀመጫ ድንጋይ አይጠፋምና ሁሉም የየራሳቸውን መርጠው ተቀመጡ። በዚያው ቀን ደግሞ ስለ ማዕድን ሥራ ብክለት ሊያስረዳን ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት ባለሙያ ነበረ።

"እንግዲህ ዋናው ነገር" አለ ባለሙያው፣ "የካርቦን ኤሚሽናችሁን ሪዱስ ማድረግ ነው።"

ሽማግሌው ጺማቸውን ሳቡ። "ልጄ፣ ይህ ካርቦን የምትለው ነገር ይታያል?"

"አይታይም አባባ። ግን ናፍጣው ሲነድ ይወጣል፣ ምድሩን ያሞቃል፣ ዝናቡን ከወቅቱ ያዛባል።"

"የማይታየውን አንተ ያዘው። የሚታየውን ጥቁሩን ግን የምውጠው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚያጠፋ ነገር ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ካባው ይዘጋልን።"

"አለ። ሶላር።"

"ፀሐይ ድንጋይ ልትፈጭ?"

"ትፈጫለች።"

ሽማግሌው ወደ ሰማይ ቀና ብለው ፀሐይዋን ዐይተው ፈገግ አሉ፤ ለካ ይህን ያህል ዘመን ሥራ ፈትታ ነው የኖረችው እንደማለት።

ነገሩን ላሳጥረው። ሽርክናው ያለ የሌለውን አወጣ፣ ባለሙያው የመጣበት ፕሮጀክት ጨመረበት፣ የሶላር ሰሌዳዎቹ እንዲገዙ ተቆረጠ። መንደሩ ግን ወረቀት ላይ ያለ ሶላር ጭስ እንደማያቆም ያውቃል። ሽማግሌው እህቴን ፊት ለፊት አቁመው ተናገሯት።

"ዛሬ እሺ ትሉናላችሁ፤ ነገ ፀሐዩ ደከመ ብላችሁ አሮጊቷን ታስነሷታላችሁ። እናውቃችኋለን።"

"አባባ፣ ከኅዳር መባቻ ወዲያ ከዚህ ካባ አንዲት ጭስ ስትወጣ ካዩ ክሬሸሩን አቁሜ ቁልፉን በእጅዎ አስረክባለሁ" አለች እህቴ።

"ዋስ ጥሪ።"

"ወንድሜ።"

ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ሌላ ወንድም የለሽም?"

"የለኝም።"

"ይህ ሰውዬ እኮ ባለፈው ሞጣ ሲሄድ መኪናዬ ከንፋሱ ብዛት ክንፍ አወጣች ብሎ የነገረን ነው።"

"አባባ፣ እኔ ክንፍ አላልኩም። ከመሬት ትንሽ ተነሳች ነው ያልኩ።"

"ተነሳችስ እንዴት ትላለህ?"

"ትንሽ ነው አባባ።"

ሆኖም በእኛ አገር እህቱን ልዋስ ያለን ወንድም መመለስ ነውር ነውና ተቀበሉኝ። ጭስ ከወጣ ክሬሸሩ ይቆማል፤ የእኔም መኪና ከካባው በር ላይ ከነጎማዋ ትቆማለች። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። የማልፈራ ሰው ነኝ፤ እህቴን አውቃታለሁ። እሷ አንድ ነገር ካለች ተራራው ራሱ መንገድ ለቆ ይቆማል።

ሰሌዳዎቹን ከአዲስ አበባ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳሁ። የዓባይን በረሃ ትንፋሼን ይዤ ወርጄ፣ ማዶ ስወጣ ነው የተነፈስኩት። የክሬሸሩ አቧራ እንዳያለብሳቸው ከካባው በላይ ካለው ጉብታ ጀርባ፣ ወገብ በሚደርስ ብረት ላይ ተደርድረው ተተከሉ። ከሩቅ ሲያዩአቸው ሐይቅ ይመስላሉ፤ አንድ ዳክዬ ሊዋኝባቸው አርፎ ተንሸራቶ ሲወድቅ ዐይቻለሁ፤ ተነስቶም ግራ ቀኙን አየ፣ ሰው አይቶት እንደሆነ።

ሠሩ። እንዴት ሠሩ! ክሬሸሩ ያለ ጭስ ድንጋይ ሲያላምጥ የሰማን ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ዝም ብሎ ቆመ። ከአሮጊቷ ጩኸት የተነሳ ለዓመታት በእጅ ምልክት ስንነጋገር ኖረናልና፣ አብረን የምንሠራው ሰው ድምፁ ቀጭን ይሁን ወፍራም ያወቅነው ያን ቀን ነው።

አሠራራችን ግን ተገለበጠ። ድሮ አለቃችን እህቴ ነበረች፤ አሁን ፀሐይ ሆነች። ጠዋት ፀሐይዋ እስክትበረታ ድንጋይ እንፈነቅላለን፣ ክሬሸሩ አፍ ድረስ እናቀርባለን። ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክሬሸሩ ሳያቋርጥ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ጥርሱን እናጸዳለን፣ መኪና እንጭናለን። ደመና ሲያልፍ ሁሉም ቀና ብሎ ደመናውን ያመናጭቀዋል። ክረምትስ? የሚለኝ አይጠፋም። ክረምት ካባው ውኃ ይሞላል፤ በናፍጣውም ዘመን ፈጭተን አናውቅም።

ኅዳር ገባ። አሮጊቷ በቆርቆሮ ቤቷ ተቆለፈባት። ቁልፉን እህቴ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

በኅዳር ደግሞ አገሩ በሙሉ በርበሬ ያሰጣል። ካባው የታወቁትን በዓላት ያከብራልና በቁስቋም ዕለት ክሬሸሩ ቆሞ ነበር። የሽማግሌው ባለቤት ወደ እህቴ መጡ።

"የኔ ልጅ፣ እነዚያ መስታወቶችሽ ዛሬ ሥራ ፈትተው ነው የሚውሉት?"

"አዎ እማማ፤ በዓል አይደል?"

"ጥሩ አድርገው ወደ ፀሐይ ዞረዋል፤ ዶሮም አይደርስባቸው። በርበሬዬን ባሰጣባቸው ምን ይላሉ?"

"እማማ፣ በበዓል ማስጣት ሥራ አይደለም እንዴ?" አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ።

"አንተ ደግሞ! የሚሠራው ፀሐዩ ነው። እኔ ምን ሠራሁ?"

እህቴ ሳቀችና ፈቀደች። በበዓል ቀን፣ ክሬሸሩ በማይሠራበት ጊዜ፣ ጆንያ አንጥፈው። ጥበቃችንም የዚያው መንደር ሰው ነበርና የሰሌዳዎቹን አጥር በር እንዲከፍትላቸው ነገረችው። በኅዳር ሚካኤል መንደሩ በሙሉ በርበሬውን ተሸክሞ መጣ። ጉብታው ጀርባ ያለው ሐይቅ ቀይ ባሕር ሆነ። ሙሴ ቢኖር ይከፍለው ነበር።

ደግሞም በዚያች በሚካኤል ዕለት አገር ሁሉ እንደ ወጉ ቆሻሻውን አቃጥሎ ሲታጠን፣ የሽማግሌው ግቢ ከሁሉ የበለጠ ይጨስ ነበር። አላስቻለኝም፣ ሄድኩ።

"አባባ፣ ለእርስዎስ ጭስ ዋስዎ ማን ነው?"

"ሂድ ከዚህ! ይህ የወግ ጭስ ነው!"

እንዲህ እየተሳሳቅን ከአምስት ቀን በላይ አልቆየንም።

ከሞጣ አንድ የግንባታ ኃላፊ ደውሎ ነበር። ትልቅ የትምህርት ቤት ሕንፃ ሊያቆም ነው፤ ለመሠረቱም ለወለሉም ጠጠር ይፈልጋል። ይህን ሥራ ካገኘን በጋውን ሙሉ ጠባችን ከድንጋይ ጋር ብቻ ይሆናል። ካጣነው ግን ከሶላሩ ወጪ በኋላ ሽርክናው እስከ ፋሲካ መቆሙ ያጠራጥር ነበር። ሰውየው ሁለት ገልባጭ መኪና አስከትሎ በኅዳር አሥራ ሰባት ጠዋት መጣ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሐን ጠርቷል።

"እውነት ይህን ጠጠር በፀሐይ ነው የምትፈጩት?" አለኝ፣ አንድ ፍሬ አንስቶ እያገላበጠ።

"በፀሐይ ነው።"

"ሲሚንቶ ይይዛል ወይስ አይዝም?"

"ይይዛል እንጂ! እንዲያውም ክረምት ላይ ቤቱን ያሞቃል።"

እህቴ ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። "ወንድምዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወን። አትስሙት ጌታዬ፤ ጠጠሩ እንደማንኛውም ጠጠር ነው። ሲፈጭ ይዩት።"

ክሬሸሩ ተነሳ። አንድ ሁለት ድንጋይ ጎረሰ። ሦስተኛው ላይ አቃሰተ። አራተኛው ጉሮሮው ላይ ቀረና "እህህህ" ብሎ ቆመ። ኦፕሬተሩ ድንጋዩን አውጥቶ እንደገና አስነሳው፤ እንደገና አቃስቶ ቆመ። ሰማዩን አየን፤ ደመና የሚባል የለም። ሽቦውን ፈተሹ፣ ደህና ነው። ኃይል የሚያሳየው መስኮት ላይ ግን ቁጥሩ እንደ መሸበት ሰዓት ወርዷል።

"ፀሐይዋ ታመመች?" አለ ኦፕሬተሩ።

የሞጣው ሰው ሰዓቱን ተመለከተ። "ጄኔሬተር የላችሁም?"

 ሁሉም ወደ ቆርቆሮው ቤት አየ።

"አላችሁ አይደል? አስነሱታ! እኔ የሚያስፈልገኝ ጠጠር ነው፤ በፀሐይም ተፈጨ በጨረቃ አያገባኝም። ገልባጮቹን ባዶ አልመልስም። እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ክሬሸር ጋ እሄዳለሁ።"

ሠራተኞቹ እህቴን ከበቧት። እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ።

"እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።"

"አንድ ገልባጭ እስኪሞላ።"

"ደግሞ ማን ያያል? ዛሬ እኮ የታችኛው መንደር እስጢፋኖስ ነው። ሁሉም ማኅበር ቤት ተሰብስቦ ጠላውን እየጠጣ ነው። አንድ ሰው ደጅ የለም።"

እህቴ እጇን አንገቷ ላይ ባለው ቁልፍ ላይ አድርጋ ቆመች። ፊቷን አላየሁትም፤ እጇን ግን አየሁት። የድሮው የመዶሻ እጅ ነው፣ ጅማቱ ተገትሯል። ቁልፉን ልትፈታው ነው ወይስ ልትደብቀው ነው አላወቅሁም። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት ስባ ሸፈነችው።

"እኔ አያለሁ" አለች። "ሌላ የሚያይ ባይኖር።"

የኔ አእምሮ ግን ሌላ ነገር ላይ ተተክሎ ቀርቶ ነበር። እስጢፋኖስ። እኛ ከከተማ የምንመጣው በወሩ አሥራ ሰባት እንሠራለን፤ የእኛ ታቦት ሌላ ነው። የታችኛው መንደር ግን ደብሩ እስጢፋኖስ ነውና በየወሩ ያከብራል። ለእነሱ በዓል ነው። በበዓል ቀን ደግሞ መስታወቶቹ ሥራ ፈት ናቸው። በበዓል ቀን ደግሞ...

ጉብታውን በሁለት እርምጃ ወጣሁት። እሺ፣ በሦስት።

ቀይ ባሕር! ከዳር እስከ ዳር! የበሩ ጥበቃ እኛ ሳንመጣ በማለዳ በሩን ከፍቶላቸው እሱም ማኅበሩ ላይ ሄዷል። ከዚህ በፊት ያላሰጡትም ሳይቀሩ ዛሬ አምጥተዋል፤ ጥግ ላይ ብቅል አለ፣ የአንዷ ጌሾ አለ። ፀሐይዋ ከላይ እስኪበቃት ታበራለች፤ የሚደርቀው ግን በርበሬ ነው እንጂ ድንጋይ የሚፈጭ ኃይል ከሥር የለም።

እህቴና የሞጣው ሰው ተከትለውኝ ወጡ።

"እናንሳው!" አልኩና የመጀመሪያውን ጆንያ ጫፍ ያዝኩ።

"ተው!" አለች እህቴ። "የማን የማን እንደሆነ ታውቃለህ? አንዷን ከሌላዋ በርበሬ ጋር ቀላቅለህ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ልታጣላኝ ነው? ጭሱ ሲቀር በርበሬው ሊያዘጋን? ባለቤቶቹን ጥራ። ቶሎ!"

የሞጣው ሰው አፉን ይዞ ነበር። እየሳቀ ይሁን እየተናደደ አላውቅም።

ሮጬ ወረድኩ። ማኅበር ቤቱ ሞልቷል፤ በአንድ ወገን ወንዶች፣ በአንድ ወገን ሴቶች፣ መካከል የንስሐ አባታቸው ቄሱ። ጾም ነውና ንፍሮና ጠላ ነው ያለው። እኔ ገና በሩ ላይ "በርበሬው..." ብዬ አፌን ከመክፈቴ አንድ ትልቅ ጣሳ እጄ ላይ ተቀመጠ።

"መጀመሪያ ጠበል ጻዲቅ ቅመስ! የእስጢፋኖስ ነው!"

"እማማ፣ ጊዜ የለም..."

"ሰማዕቱን ልታስቀይም ነው?"

ቀመስኩ። ያ ጠላ ከዓባይ ይረዝም ነበር። ጣሳውን ጨርሼ ትንፋሽ ሳልወስድ ነገርኳቸው። "ክሬሸሩ ቆሟል! በርበሬያችሁ ፀሐይዋን ከልክሎናል! የሞጣው ሰው በስድስት ሰዓት ሊሄድ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

"በርበሬ ድንጋይ መፍጫ አቆመ?"

"ንቦቹ ሲስሉ የሰማው ይኼ ነው እኮ!"

"ጠላ ጨምሩለት፣ ገና አልሰከረም!"

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጺማቸውን ስበው ዝም አሰኟቸው።

"አሮጊቷ ተነስታለች?"

"አልተነሳችም አባባ።"

"ለምን? እኛ ሁላችን እዚህ ነን፤ ማን ያያችኋል?"

"ይህንኑ አሏት። እኔ አያለሁ አለች።"

ሽማግሌው ጣሳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "በይ፣ በርበሬሽን አንሺ።"

"ዛሬ?" አሉ ሴትዮዋ። "ዛሬማ አይሆንም! በዓላችን ነው።"

"ስታሰጪው በዓል አልነበረም?"

"ስናሰጣው የሚሠራው ፀሐዩ ነው። ማንሳት ግን የእጅ ሥራ ነው። ማጎንበስ አለው፣ መስፈር አለው፣ መሸከም አለው።"

የሴቶቹ ወገን በሙሉ "እውነቷን ነው!" አለ። እኔ ጣሳዬን ይዤ ቆሜአለሁ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አጋንኜ ተናግሬ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት ግን የእህቴን መዶሻ ከግድግዳው ሲወርድ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ምስማሩ ሳይቀር ታየኝ።

ሽማግሌው ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ ምን ይላሉ?"

ቄሱ አፋቸው በንፍሮ ሞልቷል። በእርጋታ አላምጠው ዋጡት።

"ሴቶች፣ አሁን ድንገት ዝናብ ቢመጣ በርበሬውን ታነሱታላችሁ ወይስ በዓል ነው ብላችሁ ታስበሰብሱታላችሁ?"

"ኧረ እናነሳለን እንጂ አባ! ይበስብስ እንዴ?"

"እንግዲያው ዘንቧል በሉና ውጡ።"

 ከዚያ የሽማግሌው ባለቤት ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው "ኧረ ዘነበ! ዘነበ!" እያሉ በሩን ጥሰው ወጡ። ቤቱ በሙሉ ተከተለ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ላይ የጥጥ ፍሬ የምታህል ደመና የለችም፤ መንደሩ በሙሉ ነጠላውንና ጋቢውን ራሱ ላይ ደርቦ፣ ዝናብ እንደያዘው ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ጉብታው ይሮጣል። አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ዘርግተዋል። አንዱ ጎረምሳ "ጎርፍ! ጎርፍ!" ይላል። ቄሱ ከኋላ ሆነው ቀስ እያሉ ይከተላሉ፤ እሳቸውም ጋቢያቸውን አጥብቀው ተከናንበዋል።

የሞጣው ሰው ይህን ሲያይ ፈራ። "ምንድን ናቸው? ለጠብ ነው የሚመጡት?"

"አይ፣ ዝናብ ሸሽተው ነው" አልኩት።

ሰማዩን አየ። እኔን አየ። 

እያንዳንዷ ሴት የራሷን ጆንያ በአራት ጫፉ ጠቅልላ አነሳች። በርበሬ ደረቅ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ አላረፈም፤ ማስነጠስ ጀመረ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይቀበላል፤ ያ የማስነጠስ ድምፅ ከአሮጊቷ ይብስ ነበር፣ ደብረ ወርቅ ድረስ "ይማርህ" የሚል ሰው ሳይኖር አልቀረም። የሞጣው ሰው ራሱ የአንዲት እናት ጆንያ ተሸክሞ እንባው እየወረደ ነበር። ሰሌዳዎቹ ከዳር ጀምሮ እንደገና ሰማያዊ ሆኑ።

ከታች ክሬሸሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ዘፈነ። ድንጋዩን እንደ ንፍሮ ቆረጠመው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ገልባጭ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነበር። የሞጣው ሰው ከክምሩ አንድ እፍኝ አንስቶ አየ፣ አሸተተ፣ ከመካከሉ አንዲት ቀይ በርበሬ አወጣ።

"ይህስ?"

"እሱ ምርቃት ነው" አልኩት።

ሳቀ። ወደ እህቴ ዞረ። "እህቴ፣ ጄኔሬተሩ እዚያ ቆሞ እያየሽው፣ እኔም ልሄድ ነው እያልኩሽ ያላስነሳሽው ለእነዚህ ሰዎች ቃል ገብተሽ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ለእኔም በሰዓቱ ታደርሻለሽ። የበጋው ጠጠር ካንቺ ነው።"

ሁለተኛው ገልባጭም ሞልቶ ወደ ሞጣ ሲነሳ ሽማግሌው አሁንም ካባው ውስጥ ነበሩ። እየዞሩ ያያሉ። ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄደው እጃቸውን ጣራው ላይ አሳረፉና "ሡሡሡ!" ብለው መልሰው ሳቡት።

"ይሞቃል። አሮጊቷስ ከእንግዲህ ምን ትሠራለች?"

"ምንም አባባ" አለች እህቴ።

"እንዲያው ተቀምጣ ከምትበላ ጣራዋን ለበርበሬ ስጪን። በዓልም ይሁን አይሁን ከመስታወቶችሽ ጋር አንገናኝም።"

እህቴ አንገቷ ላይ ያለውን ክር ፈታች። ቁልፉን ከማተቧ ለይታ በእጃቸው አስቀመጠችው። ሽማግሌው ደነገጡ።

"ምነው የኔ ልጅ? ጭስ አልወጣም እኮ። ቁልፉን የምትሰጪኝ ጭስ ሲወጣ ነበር።"

"ያኔ የክሬሸሩን ነበር የምሰጥዎ። ይህ የአሮጊቷ ነው። እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ፤ ዛሬ ክብደቱን አውቄዋለሁ።"

ሽማግሌው ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ በመዳፋቸው ላይ አመዛዘኑት። ከዚያ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው አሰሩት። አሁንም ድረስ እሳቸው ጋ ነው። የቆርቆሮው ቤት ጣራ በየኅዳሩ ይቀላል፤ ሰሌዳዎቹም ተጨምረዋል፣ ሌሎች ካባዎችም እየመጡ ያዩናል። መዶሻው ግድግዳው ላይ ነው፤ እህቴ አልፎ አልፎ አቧራውን ትጠርግለታለች።

በሚቀጥለው ወር እስጢፋኖስ ማኅበሩ ላይ እኔንም እህቴንም ጠሩን። ሽማግሌው ብድግ አሉና በቄሱ ፊት ተናገሩ።

"ልጂቱ ቃሏን ጠብቃለች። ዋሱም ከዛሬ ጀምሮ ከዋስትናው ተፈትቷል።" ጺማቸውን ሳቡ። "ለውሸቱ ግን ዋስ ፈልገን አጥተናል።"

ቤቱ ሳቀ። እኔም ጣሳዬን ይዤ ተነሳሁና መለስኩላቸው፤ ትናንት ከሞጣ ስመለስ አንዷን ዶሮ ባለቤቷ ሲቀሰቅሳት አገኘኋት፣ ጄኔሬተሩ ከቆመ ወዲህ እስከ ሦስት ሰዓት ነው የምትተኛው ብሎ አማረረኝ አልኳቸው።

"ይህስ እውነት ነው" አሉ የሽማግሌው ባለቤት። "የእኛዎቹም እንዲሁ ሆነዋል።"